ስድስተኛዋ ጣት የማን ናት?

በሰፈራችን የቀበሌ ሱቅ ስኳር የሚመዝነው ሰው በሁለቱም እጁ ስድስት ስድስት ጣት ነበረው። ትርፏ ጣት ከትንሿ ጣቱ ጎን እንደ ቀንበጥ ወጣ ያለች፣ ጥፍር እንኳ ያላት ነበረች። ሰልፍ ላይ የምንቆም ሴቶች፣ «ኪሎው የሚጎድለው ወዶ አይደለም፣ ስድስተኛዋ ጣት ሚዛኑ ላይ ስለምትቀር ነው» እያልን እንስቅ ነበር። የምንስቀውም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ አፋችንን በሻሻችን ከልለን ነው። ሰውየው የቀበሌ ሰው ነው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ደሴ ላይ ጎረቤትሽ የሰማውን ነገር ማታ ለማን እንደሚያወራው አታውቂም። እንዲያውም አንዳንዴ ቀልዱን የጀመረችው ሴት ራሷ ሆን ብላ እኛን ልታስቀን፣ ሳቃችንን ልትቆጥር ይሆን እያልኩ እጠረጥራለሁ።

ታናሽ እህቴ ያኔ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ባሏ የአሰብ መስመር ሹፌር ነው። ተሳቢውን ይዞ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ይወርዳል፣ ወደቡ ላይ ወረፋ ይጠብቃል፣ ኬላ ላይ ይቆማል፤ ብቻ ከቤቱ የሚወጣበትን እንጂ የሚመለስበትን ቀን እሱም አያውቀው። ስለዚህ ኮታዋን ለመቀበል ሰልፍ የምትቆመው ራሷ ነበረች። ባለሚዛኑ ገና ከሩቅ ሲያያት፣

«ነፍሰ ጡሯ! አንቺ ምን ያቆምሻል? ነይ፣ ወደ ፊት ነይ!» ይላታል።

«እኛስ የተሰለፍነው ሆዳችን ባዶ ስለሆነ ነው?» ትላለች ከኋላ አንዷ።

«ባዶ ሆድ ኮታ የለውም!» ትላታለች ሌላይቱ። ይሳቃል። እህቴም እየሳቀች ስኳሯን ይዛ ትሄዳለች። የዚያን ጊዜ ሳቅ ነበር። ከወለደች በኋላ ያ ሳቅ ሁሉ ተመልሶ ምስክር ሆነባት።

ምክንያቱም ልጁ ሲወለድ በሁለቱም እጁ ስድስት ስድስት ጣት ይዞ መጣ።

ሐኪም ቤት ነው የወለደችው፤ እዚያ ማንም ምንም አላለም። ጉዱ የመጣው ቤት ገብተን፣ ገንፎው ተገንፍቶ፣ ጎረቤት ሊጠይቅ ሲሰበሰብ ነው። ልጁ ከመጠቅለያው እጁን አውጥቶ እንደ ሰባኪ ወደ ላይ ዘረጋው። ማንኪያ የያዘችው ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች፣ የሚያወራው ወሬውን ተወ። አንዷ «ማሻ አላህ» አለች። ሁለተኛዋ እሷን ተከትላ «ማሻ አላህ» ልትል ጀምራ መሃል ላይ አቆመችና፣ «በዘራችሁ አለ እንዴ?» አለች።

ወላሂ፣ ሁላችንም ቀስ ብለን የገዛ እጃችንን አየን።

«በእኛ የለም» አለች እህቴ። እውነቷን ነው፤ በእኛ የለም።

«እንግዲህ በባሏ በኩል ይሆናላ» አለች ጠያቂዋ፤ አነጋገሯ ግን «ይሆናላ» የሚል አልነበረም። የባሏን እጅ ሁሉም ያውቀዋል። አሥር ጣት ነው።

በማግሥቱ አማቷ ከቦሩ ሜዳ በኩል ቅቤና ማር ይዘው መጡ። ደርባባ የገጠር ሴት ናቸው፤ ሲቀመጡም ሲነሡም እጃቸው ከጉፍታቸው ሥር አይወጣም። ልጁን አቀፉ፣ ግንባሩን ሳሙ፣ ከዚያ መጠቅለያውን ገለጥ አድርገው እጁን አዩ። አዩና መልሰው ሸፈኑት። «አላህ ያሳድገው» ብለው ልጁን ለእናቱ ሰጥተው ወደ ደጅ ወጡ። ከዚያ በኋላ ስለ ጣቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያቺ ዝምታቸው ከሰው ወሬ ሁሉ የከፋች ሆነች። «አያትየው እንኳ አወቁት፤ አማት እንዲህ ዝም የሚለው የሚለው ሲጠፋው ነው» ተባለ።

ባሏ ወሬውን የሰማው ቤቱ ሳይደርስ ነው። ኮምቦልቻ ጎማ ሊያስነፋ ቆሞ ሳለ አንድ የመንገድ ወዳጁ፣ «እንኳን ደስ ያለህ፤ ለባለሚዛኑም እንኳን ደስ ያለህ ብለህ ንገርልኝ» አለው። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት እንዴት እንደወጣው አላውቅም። ቤት ገባ፣ ልጁን አየ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረጋቸው። ጮኾ ቢሆን ይሻል ነበር። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«አቂቃውን አላርድም። ስምም አላወጣም። ሽማግሎች ይቀመጡ። ልጁ የኔ መሆኑን ልቤ ካልተቀበለው ኒካሁን አፈርሳለሁ፣ እናትም ከነልጇ መንገዷን ትፈልግ።»

ለአቂቃ፣ ለስም ማውጫው፣ የተገዛው በግ ጓሮ ታስሮ ቀረ። ሰባተኛው ቀን አለፈ። ልጁ ስም የለሽ ሆኖ «ትንሹ» እየተባለ ይጠባል፣ ይተኛል። ባሏ ተሳቢው ውስጥ ያድራል፣ ወደ ባለሚዛኑ ግን አይሄድም፤ የቀበሌ ሰው እንዴት ተደርጎ ይነካል! ባለሚዛኑም ወሬው ደርሶት ኖሮ፣ ትርፍ ጣቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ መመዘን ጀመረ። እንዲያ ማድረጉ ደግሞ የባሰ አስጠረጠረው። «ንጹሕ ከሆነ ምን ይሸፍናል?» ተባለ። ባይሸፍን ኖሮም «እፍረት የለውም» ይባል እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

እኔስ? እኔ እህቷ ነኝ፤ አሳድጌያታለሁ። ቢሆንም ጥርጣሬ ዘመድ አይለይም። የባሏን ጉዞ በልቤ ስቆጥር፣ የነበረበትን ወር ካልነበረበት ወር ስለይ ራሴን አገኘሁት። ይሆናልም፣ አይሆንምም። አንድ ከሰዓት ብቻዋን አገኘኋት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት።

«አትጠይቂኝ እትዬ።»

«ለምን?»

«ብትጠይቂኝም ጠርጥረሻል፣ ባትጠይቂኝም ጠርጥረሻል። ቢያንስ ዝም ስትይ ጆሮዬ ያርፋል።»

«ሰዉ ስኳሩን እኮ ነው የሚያነሣው። ለምን አንቺን ብቻ ያስቀድምሻል?»

ልጁን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዛወረችው። «ሚስቱን ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ነፍሰ ጡር ቆማ ሲያይ ይጨንቀዋል፤ ራሷ ናት የነገረችኝ። ይህን ሄጄ ለሰልፉ ላውጅላቸው?»

ደስ የሚል መልስ ነበር፤ ግን መልስ ሲያምር ያን ጊዜ እንጠረጥር ነበር።

እንግዲህ ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ፤ ነገሩ የተፈታው በእሱ በኩል ነውና። ኮምቦልቻ በመንግሥት የዶሮ እርባታ ውስጥ እንቁላል ለዪ ነበርኩ። ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ በቀበሌው አዳራሽ ነው። ፊደሉን ከለየሁ በኋላ ግን የተጻፈ ነገር አይቼ አላልፍም ነበር፤ የሳሙና ካርቶን ይሁን፣ የግድግዳ መፈክር ይሁን፣ የበርበሬ መጠቅለያ ይሁን። አንድ ጊዜ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ብዘረጋው ከሳይንስ መጽሐፍ የተገነጠለ ሆነ። የዓሣ፣ የዶሮ፣ የላምና የሰው ሽል ጎን ለጎን ተሥሎበታል። የላይኛው ረድፍ ላይ አራቱም አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ትልቅ ራስ፣ ጠመም ያለ ጭራ፣ አንገት ላይ መስመር መስመር። ታች እየወረዱ ሲሄዱ ነው ዓሣው ዓሣ፣ ሰውም ሰው የሚሆነው። ኋላ ሳነብ ሠዓሊው ማመሳሰሉን አብዝቶታል የሚሉ አሉ። ያኔ ግን፣ እህ! እውነት ይሆን ብዬ ሥራ ቦታዬ ላይ ለማየት ተነሣሁ።

መፈልፈያ ማሽን ውስጥ የገቡ እንቁላሎች ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ጨለማ ክፍል ውስጥ በመብራት እናያቸዋለን። ሕይወት ያለው እንቁላል ውስጡ ቀይ የሸረሪት ድር የመሰለ የደም ሥር ዘርግቶ ይታያል፤ መሃሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትንቀሳቀሳለች። የሞተው ድሩ ይሰበሰብና ቀይ ቀለበት ይሆናል። የሞቱትን የምጥል እኔ ነበርኩ። ከመጣሌ በፊት ግን በሳህን ላይ እሰብራቸውና አያለሁ። ጓደኞቼ ይጸየፉኝ ነበር፤ አንዷማ «ሟርተኛ ሆነሽ እንዳይሆን» ብላ ለብዙ ጊዜ ከእኔ ጋር ምሳ አልበላችም።

የገረመኝ እግሩ ነው። መጀመሪያ ቡቃያ ብቻ ነው፣ ከጎን ያበጠ ነገር። ቀጥሎ የእንጨት ማንኪያ ይመስላል፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ጣት የለውም። እኔ ጣቶቹ በኋላ አንድ በአንድ የሚበቅሉ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ማንኪያው ውስጥ የጣቶቹ መስመር ይሠመራል፣ ከዚያ በመካከላቸው ያለው ሥጋ ራሱ እየሞተ ይጠፋል፣ ያን ጊዜ ጣት ከጣት ይለያል። እንጨት ጠራቢ የማይፈልገውን እየፋቀ እንደሚያወጣው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚፋቀው ሥጋ ራሱ ጊዜውን አውቆ መሞቱ ነው። የዳክዬ እግር በጣቶቹ መሃል ቆዳ የቀረለት ያ ሥጋ ሳይሞት ስለቀረ ነው፤ ሐይቅ ሄጄ ዳክዬ ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። የሰው እጅም እንዲሁ ነው፤ ሁለተኛው ወር ሳያልቅ ጣቱ ተለይቶ ያበቃል። የእህቴ ልጅ ስድስተኛ ጣት የተወሰነችው እህቴ ማርገዟን በቅጡ ሳታውቅ ነው።

ዶሮዎቻችን አብዛኞቹ አራት ጣት ናቸው። ጥቂቶቹ ግን አምስት ነበራቸው፣ ጫጩቶቻቸውም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከኮሌጅ ተመድቦ የመጣ ወጣት የእርባታ ባለሙያ። እሱ ደግሞ በዚያ ሰሞን ጥላውን ይጠረጥራል። የአንድ ዙር እንቁላል ሳይፈለፈል ተበላሽቶ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ «አሻጥር ነው» እያለ ስለነበር ሰው ባናገረው ቁጥር በሩን ያያል።

«አምስት ጣት ያላት ዶሮ ጫጩቷ ለምን አምስት ይሆናል?» አልኩት።

በሩን አየ። «ማን ነው ጠይቂው ያለሽ?»

«ማንም።»

«ኮሚቴው ነው?»

«ኧረ ወላሂ አይደለም! የእህቴ ልጅ ነው ያመጣብኝ።»

«የእህትሽ ልጅ ኮሚቴው ውስጥ አለ?»

«ገና አንገቱን ያላቀና ሕፃን ነው እኮ!»

ያን ጊዜ ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ነገረኝ። የአካል አሠራር ትእዛዝ ከእናትም ከአባትም ይመጣል። ለትርፍ ጣት ብዙ ጊዜ ከአንዳቸው መምጣቱ ይበቃል። «ግን አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም» አለኝ። «በአንዱ ሙሉ ጣት ከነአጥንቷ ትሆናለች፣ በሌላው ምልክት ብቻ ትሆናለች፣ በአንዱም ጭራሽ ሳትታይ ታልፋለች። ለዶሮም ለሰውም ለድመትም ያው ነው።»

«እንግዲህ ከባለሚዛኑ ላይሆን ይችላል?»

«ላይሆን ይችላል። ሊሆንም ይችላል። ስድስት ጣት ያለው ሰው በየአገሩ አለ፤ ሁሉም ዘመዳሞች አይደሉም። ይህ ትምህርት ስለ ጣቷ ይነግርሻል እንጂ ስለ እህትሽ አይነግርሽም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስድስት ጣት ያለው ጫጩት ካገኘሽ ደግሞ አደራሽን፣ ሪፖርት እንዳታደርጊ። ይህንንም አሻጥር ይሉታል» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው እጅ እንጂ ፊት አላይም ነበር። ወደ ደሴ ስመለስ ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ሁሉ እጃቸውን አያለሁ። አንድ ሰውዬ ሌባ መስያቸው ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ምልክት ነው የምፈልገው፤ ከባሏ ዘመዶች በአንዱ ላይ ብትገኝ። ግን ከእሱ በኩል ደሴ ያለው እሱና እናቱ ብቻ ናቸው። የእሱን እጅ ሁሌ የመኪና ግራሶ ይሸፍነዋል፤ የእናቱን ጉፍታ።

ሽማግሎቹ የተቀመጡት አርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ነው፤ ሦስት ሰዎች፣ መሃላቸው አንድ ሽበታም ሼኽ። እህቴ ልጇን ይዛ ጓዳ ናት። ባሏ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከእነሱ ጋር ተቀመጠ። ምሳ ሊቀርብ ሲል እንደ ደንቡ እጅ ማስታጠቡ የኔ ሆነ። ማንቆርቆሪያውን በቀኝ፣ ሳፋውን በግራ ይዤ ከሼሁ ጀመርኩ። እጅ የምታስታጥብ ሴትን ማንም አያያትም፤ እሷ ግን ሁሉንም ታያለች።

የእህቴ ባል ጋ ስደርስ እጁን ዘረጋ። ሳሙናውን አሸ፣ ግራሶው ለቀቀ። ከቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ግርጌ፣ በውጪው ጠርዝ በኩል፣ ምስር የምታክል ጉብታ አለች። ኪንታሮት በማንም እጅ ይወጣል ብዬ ራሴን ያዝኩ። ግራ እጁን ገለበጠው። እዚያም፣ እዚያው ቦታ፣ ያችው ምስር።

ኪንታሮት ቦታ አይመርጥም። ሁለት እጅ ላይ ተማክሮ አንድ ቦታ አይበቅልም።

«ኧረ ውሃው!» አለኝ። እጅጌው ላይ እያፈሰስኩበት ነበር።

ቀና ስል የጓዳው በር ላይ አማትየው ቆመዋል። እኔን ነበር የሚያዩት። የማየውን አይተዋል። ጉፍታቸውን ወደ እጃቸው ሳብ አደረጉና ወደ ጓሮ ዞሩ። ሳፋውን አስቀምጬ ተከተልኳቸው። በጉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ የልጅዎ እጅ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ከትንሿ ጣቱ ግርጌ።»

«ኪንታሮት።»

«በሁለቱም እጁ?»

«ኪንታሮት ይጋባል» አሉኝ ዓይናቸውን ከበጉ ሳያነሡ።

አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ስለ ዶሮዎቹ ነገርኳቸው፤ አምስት ጣት ስላላቸው፣ በአንዱ ሙሉ ሆና በሌላው ምልክት ብቻ ስለምትሆነው።

«ልጄን ከዶሮ ታነጻጽሪያለሽ?»

«የሁለቱም ፈጣሪ አንድ ነው እማማ። ይንገሩኝ፤ እህቴ ዛሬ ከዚህ ቤት ትወጣለች።»

ከውስጥ የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ መብላት ጀምረዋል። አማትየው የበጉን ገመድ ሳብ ሳብ አደረጉ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው ተናገሩ።

«በፈረስ ጭራ ነው ያሰርኳቸው። እንዲች ብለው እንደ ምስር የተንጠለጠሉ ነበሩ፣ አጥንትም የላቸው። ደም እንዳያገኙ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ፣ ጠቁረው ደርቀው ወደቁ፣ ጓሮ ቀበርኳቸው። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። አባቱ አላየ፣ እሱም አያውቅ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚሠራ። የሰው ዓይን ሳያርፍበት እናት ታስራለች፣ አስራም ዝም ትላለች።»

«ሌላም ሰው ያስራል?»

«ማን ያልታሰረ አለና! ግን ማን ያወራል?»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ሁሉም ስለሚያስር በማንም ዘር የለም። ሁሉም ዝም ስለሚል፣ ሐኪም ቤት ተወልዶ ሳይታሰር የታየ ሕፃን ብቻውን ተጠርጣሪ ይሆናል።

«ታዲያ ልጁን ያዩ ቀን ለምን አልተናገሩም?»

«ልጄ ምን ይለኛል? ዕድሜ ልኩን ኪንታሮት ነው ብዬው! ደግሞ ፈራሁ። ዛሬ እሷን ያሉትን ነገ እኔን ይላሉ። ‹ያንቺስ ልጅ ከየት አመጣው?› ይሉኛል። አባቱ አፈር ገብቷል፤ ማን ይመሰክርልኛል?»

እውነቱን ልናገር፣ ያን ጥያቄ ያን ሰዓት እኔም በልቤ ጠይቄ ነበር። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ አሮጊት አያከብርም። እሳቸው ግን ፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ፣ ቀኝ እጃቸውን ከጉፍታው ሥር አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ከትንሿ ጣታቸው ግርጌ አንዲት ጉብታ፣ በእርጅና የጠወለገች።

«እናቴ አስራልኝ ነው» አሉ።

ከውስጥ የሼሁ ድምፅ ተሰማ። «ልጅ የጋብቻው ነው፤ በጣት ቁጥር አይካድም።» የባልየው ድምፅ መለሰ። «እኔም ሰው ነኝ ሼሁ። የአሰብ መንገድ ረጅም ነው። ይህን ጥርጣሬ ይዤ ብነዳ ገደል ነው የምገባው። እንግዲህ እናንተው ምስክር ሁኑኝ፣ እኔ ከዛሬ ጀምሮ …»

አማትየው ሲነሡ አላየኋቸውም፤ በሩ ላይ ነው ያየኋቸው።

«ቃልህን ዋጥ!» አሉት።

ወንዶቹ ደንግጠው ብድግ አሉ። እሳቸው ምንጣፉ ላይ ከልጃቸው ጎን ተቀመጡና አንጓውን ይዘው እጁን ወደ ሽማግሎቹ ገለበጡት። የራሳቸውን እጅ አጠገቡ አስቀመጡ። «እቺን እዩ። እቺንም እዩ። እኔን እናቴ አሰረችልኝ፣ እሱን እኔ አሰርኩት። የልጅ ልጄ የሚያስርለት አጥቶ ነው፣ በቃ።»

«ሱብሃን አላህ» አለ ሼሁ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠጋ ብሎ አየ። ከሽማግሎቹ አንዱ ሳያስበው የገዛ እጁን ገልብጦ ሲያይ አየሁት። ምን እንዳገኘ አላውቅም፤ ቶሎ ብሎ ኪሱ ከተተው።

ባልየው እናቱን ነበር የሚያየው። «ኪንታሮት ነው አልሽኝ አልነበር?»

«ዋሸሁህ።»

«ስንት ጊዜ በምላጭ ልቆርጠው …»

«ልክ ነህ፤ ዋሸሁህ።»

ሼሁ፣ «ተነሥ፣ ወደ ሚስትህ ግባ» አለው። ገባ። እናቱም እኔም ተከተልነው። እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«ሸይጧን ነው» አላት አንገቱን ደፍቶ። «ሸይጧን ነው በመሃላችን የገባው።»

«ሸይጧን ስንት ጣት አለው?» አለችው።

አማትየው ነገሩን ሊያበርዱ ብለው ከጉፍታቸው ጫፍ ክር መዘዙ። «አብሽሪ ልጄ፣ ገና ነው፣ አልጠነከረም። አሁኑኑ አስርለታለሁ፣ እስከሚቀጥለው ጁምዓ ይወድቃል፣ ወሬውም አብሮ ይወድቃል።»

እህቴ የልጁን እጅ በመዳፏ ከደነችው። «አይታሰርም እማማ።»

«ሰው ሲያየው እኮ …»

«ሰው ይየው። እርስዎ ያሰሩት ጣት ነው እኔን ዛሬ ሽማግሌ ፊት ያቀረበኝ። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የሚወለድ ሁሉ ይታይ። ሐኪም ይውጣ ካለ ያድግና ራሱ ይወስን።» ወደ ባሏ ዞረች። «ስም አውጣለት።»

አፉን ከፈተ፤ እንደ ልማዱ ወደ እናቱ ዞረ።

«እናትህን አትይ» አለችው። «እኔንም አትይ። እሱን አይተህ አውጣለት።»

ልጁን ተቀበላት፤ አያያዙ የሰው ዕቃ እንደሚይዝ ሰው ነበር። ጎንበስ ብሎ በጆሮው ውስጥ አዛን አለለት፣ ከዚያ ስሙን ጠራው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ ወሬውን አይወድም። ባልየው ቀና ሲል እህቴ እንድታለቅስ ወይም እንድትስቅ ይጠብቅ ነበር መሰለኝ። አላደረገችውም። ልጁ ማልቀስ ስለጀመረ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችው፣ ጡቷን ሰጠችው፣ ሁላችንንም «ውጡልኝ፣ ልጄ ይተኛ» አለችን።